ስሙ ያልተጻፈ ሠዓሊ

እኛ ከመካነ ኢየሱስ የመጣን የእስቴ ልጆች፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ እናውቀዋለን፤ የሣለውን ሰው ስም ግን ጠይቀን አናውቅም። «አንድ ደብተራ ነው» ይባላል፤ በዚያው ይቀራል።

ከዓባይ ማዶ፣ ከብቸና የወጡት ቄስ አዳሙ ተስፋው ግን ከዚህ ልማድ ወጡ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማሩ ካህን ሲኾኑ አዲስ አበባ ገብተው ለገበያም ሣሉ፤ ታሪኩንም የሰዉንም ኑሮ በራሳቸው ዐይን አዩት። በ1997 ዓ.ም. በሎስ አንጀለሱ ፋውለር ሙዚየም ሥራቸው በስማቸው ለሕዝብ ታየ። እዚህ ግን ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን?

በሰሜን ካናዳ ለኢኑይት ሠዓሊዎች ሥራቸውን የሚሸጥላቸው የኬፕ ዶርሴት ኅብረት ሥራ ማኅበር በ1959 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል። ማኅበሩ ወረቀቱንም ገዢውንም ያቀርባል፤ ከማኅበር ውጭ ልሥራ ያለ ግን ሁለቱንም ራሱ ይፈልጋል። ለኛም ሠዓሊ ደብሩ ወይም ባለሱቁ እንዲሁ ነው።

«ነጻነት እንጀራ አይጋግርም» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። የሚጋግረው ገዢ ነውና፣ የተማሪዎች ማኅበራችን ለስጦታ የሚገዛውን ሥዕል ከሱቅ ሳይኾን ከሠዓሊው እጅ ይግዛ፤ ስሙንም ከግርጌው ያጽፍ።