የአሮጌ ኖት ዘመኑ በፊርማው ይታወቃል

በቆቦና በወልዲያ መካከል ባለችው ሮቢትም ሆነ በመርካቶ፣ ማርትሬዛ የሚገዛ ነጋዴ ሚዛን ያወጣል። አንዷ 28 ግራም ያህል ስለምትመዝን ዋጋዋ ከማዕድኗ ይነሳል። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወረቀት ብር ግን ለሚዛን አይሆንም፤ ገዢው ማየት ያለበት ሥዕሉንና ፊርማውን ነው።

ባለ 1 ብሩ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ ባለ 5ቱ ቀፎ የተሰቀለበት ግራር ይዟል። የራያ ቆላ ሰው ይህን ግራር አስተርጓሚ ሳይሻ ያውቀዋል። አማርኛው «ብር» ሲል እንግሊዝኛው «ዶላር» ይላል፤ የማተሚያ ቤት ስህተት ግን አይደለም።

ዋናው ነገር፣ ኖቱ ላይ ዓመት አልተጻፈም። ዘመኑ የሚለየው በባንኩ ገዥ ፊርማ ነው፤ አሜሪካዊው ብላወርስ የፈረመባቸው ቀዳሚዎቹ ሲሆኑ ተከታዮቹ ገዥዎች የፈረሙባቸው ኋላ የመጡ ናቸው። ሁሉንም «የ37 ነው» ብሎ በአንድ ዋጋ የሚጠራ ደላላ ገዢውን ይጎዳል ባይ ነኝ።

በ1969 ዓ.ም. ደርግ ብር ከቀየረ ወዲህ እነዚህን ኖቶች ባንክ አይመነዝራቸውም፤ ያላቸው ዋጋ ሰብሳቢው የሚከፍለው ብቻ ነው። አንዳንዱ ሻጭ አጥቦና ተኩሶ አዲስ ያስመስላቸዋል። የታጠበ ኖት ቀለሙ ይገረጣል፤ ለእንዲህ ያለው የተጠራውን ግማሽ እንኳ አልከፍልም።