አሮጌው ይቀመጥ፣ አዲሱ ይሰፋ

የጃፓን ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ለሥራ ይለብሰው የነበረው በኢንዲጎ የተነከረ ጥጥ ዛሬ ስልክ፣ ሳንቲምና ቁልፍ የሚይዙ ትንንሽ ቦርሳዎች ይሰፉበታል። ጨርቁ ገበያ ማግኘቱ ደግ ነው። መቆም ያለበት አሮጌ የሥራ ልብሶችን ለቦርሳ መቆራረጥ ነው።

በሰሜን ጃፓን፣ በአኦሞሪ፣ ብርዱ ጥጥ አያበቅልም። በዚያ ላይ የአካባቢው የጹጋሩ ገዢዎች እ.ኤ.አ. በ1724 ገበሬ የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ ከለከሉ። ሴቶቹም የሳሳውን የሄምፕ ቃጫ ልብስ በክር ጥቅጥቅ አድርገው እየሰፉ ብርዱን መከቱ። ከኦሳካ አካባቢ በመርከብ የሚመጣ የጥጥ ቡቱቶም ይጥፉበት ነበር። ቦሮ የሚባለውን ይህን ልብስ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ትከሻውና ክርኑ ላይ እራፊ በእራፊ ተደራርቦ ያገኛል። አንዱ እራፊ ሲላቀቅ ከሥሩ ፀሐይ ያላገኘው ሰማያዊ እንደ አዲስ ደምቆ ይታያል።

የባህል ተመራማሪው ታናካ ቹዛቡሮ ባለቤቶቹ የሚያፍሩበትን ይህን ልብስ በየመንደሩ እየዞረ ሰበሰበ። ከሰበሰበው ውስጥ 786ቱ በ1983 በመንግሥት ቅርስነት ተመዘገቡ። ያልተመዘገበው ግን መቀስ ይጠብቀዋል። ቦርሳ ሰፊው ያማረውን ጀርባ ወስዶ ያለቀውን ክርን ሲጥል፣ ለባሹ ምን ሲሠራ እንደኖረ የሚናገረው ክፍል አብሮ ይጠፋል።

ሴቶቹ ራሳቸው አሮጌ ይቆርጡ አልነበረም ወይ የሚል ይኖራል። ይቆርጡ ነበር፤ ሌላ ጨርቅ ስላልነበራቸው ነው። የዛሬ ቦርሳ ሰፊ ግን አለው።

በደቡብ፣ በፉኩኦካ፣ ኩሩሜ ካሱሪ የሚባለው የጥጥ ጨርቅ ዛሬም ይሸመናል። ጥበቡን በ1800 ገደማ የጀመረችው ኢኖኡዌ ዴን የምትባል የ12 ዓመት ገደማ ልጅ እንደሆነች ይነገራል። ክሩ ከመነከሩ በፊት በየቦታው ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ የታሰረው ነጭ ሆኖ ይቀርና ድሩና ማጉ ሲገናኙ ጠርዙ የደበዘዘ ጥለት ይወጣል። ሞንፔ የሚባለው የገበሬ ሴቶች ሰፊ ሱሪ ይሰፋበት ነበር። የጨርቁ ወርድ ወደ 38 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ለትንሽ ቦርሳ ብዙ ቁራጭ ሳይባክን ይበቃል። ገንዘቡም ዛሬ ክር ለሚያስረው፣ ለሚነክረውና ለሚሸምነው ሰው ይደርሳል።

ስለዚህ ሻጮች በእያንዳንዱ ቦርሳ ላይ ጨርቁ አዲስ ወይም አሮጌ መሆኑን፣ አዲስ ከሆነም የት እንደተሸመነ ይጻፉ። ገዢም ሳይጠይቅ አይክፈል።