ጥርስ ከማስተከል በፊት ምን ማወቅ ይገባል?



ባለፈው ጊዜ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ስለ ቆሻሻ መጣያ ሰዓት መጻፋችን ይታወሳል። ዛሬ ደግሞ ስለ አፋችን እንነጋገር። «ይሄ ምን ይጻፍበታል?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን እንለምናለን፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ የአንዲት ጎረቤታችንን የሁለት ዓመት ዕቁብ ውኃ በልቶታል።

እኚህ እናት ስማቸው እንዳይጠራ አሳስበው ታሪካቸው ግን ለሌላው መማሪያ እንዲሆን ፈቅደውልናል። የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ወዲህ ቡና ላይ እንኳ የሚስቁት አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር። ልጃቸውን የሚድሩበት ቀን ሲቃረብ ዕቁባቸውን ይዘው ወደ አንድ የጥርስ ሕክምና ቤት ሄዱ። በዚያው ሳምንት ብሎኑ ገባ፤ ጊዜያዊ ጥርስም ተደረገላቸው። ድዳቸው ለምን እንደሚደማ የጠየቃቸው አልነበረም። እሳቸውም «ስኳር በሽታ አለብኝ ካልኩ ይመልሱኛል» ብለው ዝም አሉ። ሠርጉ አለፈ። በ5ኛው ወር ብሎኑ ይነቃነቅ ጀመር፤ ከዚያም ወጣ። ገንዘቡም አብሮት ወጣ።

እኛ እንደምናምነው ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ሳይጠይቅ የሠራው ሐኪምም፣ ሳይናገሩ የተሠሩት ታካሚም፣ ሲጣደፉ እያየን «ቆይ እስቲ፣ እንጠይቅ» ያላልን ጎረቤቶችም ድርሻ ድርሻችን አለን።

ብዙዎቻችን ጥርስ ማስተከል ሲባል ዱሮ የወርቅ ጥርስ እንደማስደረግ ያለ አጭር ሥራ ይመስለናል። አይደለም። ኢምፕላንት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከቲታኒየም የሚሠራ ትንሽ ብሎን ነው። መንጋጋ አጥንት ውስጥ ገብቶ የጥርስ ሥርን ቦታ ይይዛል፤ በላዩ ማያያዣ፣ በማያያዣው ላይ ደግሞ የሚታየው ጥርስ ይደረጋል። ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለው ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል አጥንት ላይ ሲመራመር ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚጣበቅ ተረዳ። በሰው አፍ ላይ የሠራው ግን በ1965 ነው። እሱ 13 ዓመት ከታገሠ እኛ ጥቂት ወራት መታገሥ ምን ያቅተናል?

የዚህ ሕክምና መሠረቱ ያ መጣበቅ ነው። እንደየሰዉ አጥንት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይወስዳል፤ አጥንቱ ሳስቶ መሙላት ካስፈለገም ይረዝማል። ለአንዳንድ ሰው በዚያው ቀን ጊዜያዊ ጥርስ ሊደረግለት ይችላል። ይህ ግን በምርመራ የሚወሰን እንጂ በሠርግ ቀን የሚወሰን ነገር አይደለም። ከባሕር ማዶ ለ3 ሳምንት መጥተው «እግረ መንገዴን ልጨርሰው» ለሚሉ ዘመዶቻችንም ይህንኑ ንገሩልን።

ስለሆነም ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት የሚከተሉትን እንድናስብ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ጥርሱ ሊድን ይችል እንደሆነ እንጠይቅ። የታመመ ጥርስ ሁሉ አይነቀልም፤ ሥሩን በማከም የሚተርፍ ብዙ ነው። ከተፈጥሮ ጥርስ የሚበልጥ ብሎን የለም።

ሁለተኛ፣ በሽታችንን አንደብቅ። ስኳር በሽታ በቁጥጥር ሥር ከሆነ ብቻውን ከልካይ አይደለም፤ ካልተቆጣጠሩት ግን ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ሲጋራም እንዲሁ ያበላሻል። ደም የሚያቀጥን ወይም ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መድኃኒት የሚወስድ፣ መንጋጋው አካባቢ የጨረር ሕክምና የተደረገለት ሁሉ ቀድሞ ይናገር። መድኃኒቱንም በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ። ድዱ የሚደማ ሰው መጀመሪያ ድዱን ይታከም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ!

ሦስተኛ፣ ያለ ራጅ ብሎን አይገባም። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ነርቭ ያልፋል፤ ከተነካ ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ ይችላል። ከላይኛው መንጋጋ በላይ ደግሞ ባዶ የአየር ክፍል አለ። ሐኪሙ አጥንቱን ለክቶ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ሲቲ ስካን አሳይቶ ማስረዳት ይገባዋል። ዕድገታቸውን ላልጨረሱ ልጆቻችንም ይህ ሕክምና ጊዜው አይደለም።

አራተኛ፣ ዋጋውን በጽሑፍ እንቀበል። አንዳንዱ የብሎኑን ብቻ ይነግረንና ማያያዣው፣ ጥርሱ፣ አጥንት መሙላቱ ኋላ ይመጣል። ብሎኑ ባይዝስ? ይህም ይጠየቅ። የብሎኑን ስምና መጠን የያዘ ወረቀት ተቀብለን ከልደት ካርዳችን ጋር እናስቀምጥ። የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ለሌላው ላይገጥም ስለሚችል፣ ዓመታት ቆይቶ ማያያዣው ቢላላ ሌላ ሐኪም ያለ ወረቀቱ ይቸገራል።

አምስተኛ፣ ሌላም መንገድ አለ። ወጥቶ የሚገባ ጥርስ በዋጋ ይረክሳል። ከጎን ጥርሶች ጋር የሚያያዝ ድልድይም አለ፤ ግን ለድልድዩ ሲባል ደህነኞቹ ጥርሶች ይሞረዳሉ። ሁሉም ጥቅምና ጉዳት አላቸው። በአቅማችን መታከም አያሳፍርም።

ስድስተኛ፣ ብረት አይነቅዝም ብለን እንዳንዘናጋ። ብሎኑ ባይነቅዝም በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ይታመማል፤ በወቅቱ ካልታከመም ብሎኑ ይወልቃል። በየዕለቱ ማጽዳትና በቀጠሮ መታየት ግዴታ ነው። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰውም ለሐኪሙ ይንገር።

ይህን ሁሉ ስንል ጥርስ ማስተከል መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። በሚገባ ከተሠራና ከተያዘ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል መልካም ሕክምና ነው። የእኛ ተቃውሞ በጥድፊያው ላይ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ወደፊት ከሰፈራችን ማንም ሰው ለዚህ ነገር ዕቁቡን ከማውጣቱ በፊት የሁለተኛ ሐኪም ምክር ይጠይቅ፤ ማንበብ የሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ካሉም አንድ የተማረ ልጅ አብሯቸው ይሂድ። ይሄ ዕድር የማይጠይቅ፣ ጉርብትና ብቻ የሚበቃው ነገር ነው።

እናታችን ዛሬ ስኳራቸውን እየተከታተሉ፣ ድዳቸውን ታክመው ወጥቶ የሚገባ ጥርስ አድርገዋል። ብሎኑን ወደፊት እንደገና ያስቡበት እንደሆነ ከሐኪማቸው ጋር ይመክራሉ። በቀደም ቡና ጠርተውን ስንጫወት ከልብ ሳቁ። ነጠላቸው ከትከሻቸው አልተነሣም።



የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር የጤና ጉዳይ ኮሚቴ