የጨጓራ መድኃኒትና የልባሱ ፓተንት

በመድኃኒት ንግድ የተሰማሩ ሰዎች ፓተንት ሲባል በሰሙ ጊዜ ወደ አሳባቸው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ፥ ይኸውም ሕመሙን የሚያስታግሠው ንጥረ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የጨጓራን አሲድ የሚቀንሰውና በ2000 ዓ.ም. በዓለም ገበያ ሽያጩ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ የደረሰው ኦሜፕራዞል ፋብሪካዎችን ለዓመታት በፍርድ ቤት ያቆማቸው በንጥረ ነገሩ ምክንያት አልነበረም። ክርክሩ የተነሣው ንጥረ ነገሩ በተሸፈነበት ስስ ልባስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ አዋጅ ከሚነሣበት ስፍራ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ለአንድ ልባስ ፓተንት መስጠት ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ የባለመብቱ አጥር እስከ ወዴት ሊዘረጋ ይገባዋል? ጥያቄው የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ አይደለም። መድኃኒት አስመጪውን፥ ፋብሪካ ለማቋቋም የሚያስበውን ባለገንዘብ፥ ከሁሉም ይልቅ የሐኪም ማዘዣ ይዞ በመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት የሚቆመውን ሕመምተኛ በቀጥታ ይነካል።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የመድኃኒቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ኦሜፕራዞል በስዊድን አገር፥ በጎተንበርግ አጠገብ በምትገኘው በሞልንዳል፥ በአስትራ ኩባንያ የምርምር ቤት በ1979 ዓ.ም. ተሠርቶ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ሎሴክ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። (በአሜሪካ አገር ግን ላሲክስ ከተባለ ሌላ መድኃኒት ስም ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ በ1990 ዓ.ም. ፕራይሎሴክ ተብሏል፤ የንግድ ስም የሚያወጡ ሰዎች የሐኪሞችን የእጅ ጽሑፍም ማሰብ ሳይኖርባቸው አይቀርም።) መድኃኒቱ አሲድ የሚያመነጩትን የጨጓራ ሕዋሳት ሥራ ያስታግሣል። ነገር ግን ወደ እነርሱ የሚደርሰው ገና በጨጓራ ውስጥ ሳለ ሳይሆን ወደ አንጀት አልፎ ከደም ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ነው። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አሲድን እንዲቀንስ የተሠራው መድኃኒት አሲድ ሲነካው ራሱ ይበላሻል።

በጨጓራ የማይሟሟና በአንጀት የሚሟሟ ልባስ ከዚያ በፊትም በመድኃኒት ቀማሚዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። እንግዲያውስ መድኃኒቱን በዚያው ልባስ ሸፍኖ መሸጥ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ልባስ ራሱ የአሲድ ጠባይ ስላለው ኦሜፕራዞልን ገና በጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ቀለሙን እየለወጠ ያበላሸዋል። ይህን ለመከላከል በእምብርቱ ውስጥ አልካሊ ቢጨመርበት መድኃኒቱ ይጠበቃል፤ ሆኖም በጨጓራ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ በልባሱ አልፎ በሰረገ ጊዜ ያው አልካሊ የውጭውን ልባስ ከውስጥ እያሟሟ ያፈርሰዋል። አንዱ ቀዳዳ ሲደፈን ሌላው ይከፈታል ማለት ነው። የኩባንያው ባለሙያዎች ያገኙት መላ በእምብርቱና በውጭው ልባስ መካከል በውሃ የሚሟሟ ሌላ ስስ ልባስ ማግባት ሆነ። ስለዚህ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የደቀቀችው እያንዳንዷ ቅንጣት ሦስት ክፍል አላት፤ መድኃኒቱና አልካሊው የሚገኙበት እምብርት፥ የሚለያየው መካከለኛ ልባስ፥ ጨጓራን የሚያሻግረው የውጭ ልባስ። ለዚህ አሠራር በ1986 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው ማመልከቻ ቀረበ፤ በተከታዩም ዓመት በአሜሪካ።

ልባስ ማልበስ ከረሜላን ስኳር እንደ መቀባት ያለ ሥራ ነው፥ ፓተንት የሚገባውም አይደለም የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢመለከቱ አሳባቸውን ሳያሻሽሉ አይቀሩም። ያለዚህ ልባስ ኦሜፕራዞል በጠርሙስ ውስጥ የሚጠቊር፥ በጨጓራ ውስጥ የሚጠፋ ዱቄት ሆኖ በቀረ ነበር። ሕመምተኛው የሚገዛው በኬሚስቱ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ንጥረ ነገር ሳይሆን እስከ አንጀቱ ድረስ በደኅና የሚደርሰውን መድኃኒት ነው። ያንን መንገድ ያገኘ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ቢጠበቅለት የሚያስቀይም ነገር የለውም።

የሚያስቀይመው የጊዜው ነገር ነው። በአሜሪካ አገር የንጥረ ነገሩ ፓተንት በ2001 ዓ.ም. አበቃ፤ የልባሱ ፓተንት ግን እስከ 2007 ዓ.ም. የሚዘልቅ ነበር። በዓመት በቢሊዮን የሚቈጠር ዶላር ለሚሸጥ መድኃኒት የ6 ዓመት ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። ንጥረ ነገሩን ማንም ሊሠራው የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፥ ሳይበላሽ የሚደርስበት መንገድ ግን በአንድ ኩባንያ እጅ ቀረ። ባለመብቱ ኩባንያም (ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አስትራዜኔካ) መድኃኒቱን በመሠረታዊ ስሙ ሠርተው በርካሽ ሊሸጡ የተዘጋጁትን ፋብሪካዎች ሁሉ ከሰሳቸው።

በ2002 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ በነጋዴዎች ዘንድ በሚገባ ሊጠና የሚገባው ነው። ከተከሳሾቹ አንዱ የሆነው አንድርክስ መካከለኛውን ልባስ ጨርሶ አላለበስኩም ሲል ተከራከረ። ነገር ግን ቅንጣቶቹ ሲመረመሩ አልካሊው ያለበት እምብርትና አሲድነት ያለው የውጭ ልባስ በሚገናኙበት ስፍራ በሥራው መካከል በራሱ የተፈጠረ ስስ ንጣፍ ተገኘ። ፍርድ ቤቱም ሆን ተብሎ ቢለበስም በራሱ ቢፈጠርም ያው ልባስ ነው ብሎ ፈረደበት። ጄንፋርምና ኬሚኖር የተባሉትም ተረቱ። ክሬመርስ ኧርባን የተባለው፥ የጀርመኑ የሽዋርዝ ፋርማ ቅርንጫፍ ግን አሠራሩ ፓተንቱ ከሚገልጸው የተለየ ሆኖ ስለ ተገኘ ከክሱ ነጻ ወጣ። በ2003 ዓ.ም. የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህንኑ አጸና።

በአንድርክስ ላይ የተሰጠው ፍርድ ለብዙዎች ከባድ መስሎ ይታያል። አንድ ሰው ሳያስበው በእጁ ሥራ ውስጥ ለተፈጠረ ነገር ጥፋተኛ መባሉ በእርግጥ ያስገርማል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚመዝነው የሠሪውን አሳብ ሳይሆን የተሠራውን ዕቃ ነው፤ ዕቃው ደግሞ የሌላውን መላ ተጠቅሟል። ሚዛኑ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በዚያው ቀን ክሬመርስ ኧርባን በመለቀቁ ነው። ፍርድ ቤቱ ልባስ የለበሰ ኦሜፕራዞል ሁሉ የአንድ ኩባንያ ነው ብሎ ቢሆን ኖሮ ያለቀው የንጥረ ነገር ፓተንት በልባስ ስም እንደገና በነፍስ ተዘራበት ማለት በሆነ ነበር። እንዲህ አላለም። ፓተንቱ የሚያስከብረው በጽሑፉ የተገለጸውን መንገድ ብቻ ነው፤ ሌላ መንገድ ላገኘ ሰው በሩ ክፍት ነው ብሎ ወሰነ። በልባስ ፓተንት ላይ ሊጸና የሚገባው ደንብም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ለንግድ ሰው የሚያስደንቅ ነው። በአሜሪካ ሕግ በመሠረታዊ ስም ለመሸጥ ቀድሞ ላመለከተ ፋብሪካ ለ180 ቀን ብቻውን የመሸጥ ዕድል ይሰጠዋል፤ ዕድሉም የአንድርክስና የጄንፋርም ነበር። እነርሱ ተረትተው መሸጥ ስላልቻሉ ከትርፉ ድርሻ እንዲከፈላቸው ተዋውለው ተራቸውን ለአሸናፊው ለቀቁለት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የክሬመርስ ኧርባን ኦሜፕራዞል ገበያ ላይ ዋለ። የልባሱ ፓተንት ሊያበቃ ገና ከ4 ዓመት በላይ ሲቀረው ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተከበረ ፓተንት ሳለ ተወዳዳሪ መግባቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ያሳያል።

እውነተኛው በደል የተፈጸመው በሌላ ስፍራ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2005 ዓ.ም. አስትራዜኔካን 60 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ ያነሣው ልባሱ ፓተንት ስለማግኘቱ አልነበረም። ሁለት አድራጎቶችን ነው የነቀፈው። አንደኛው፥ ኩባንያው በልዩ ልዩ አገሮች ላሉት የፓተንት መሥሪያ ቤቶች ተጨማሪ የጥበቃ ዘመን ሲጠይቅ መድኃኒቱ መጀመሪያ የተፈቀደበትን ቀን አሳስቶ ማቅረቡ ነው፤ በፈረንሳይ አገር በ1987 ዓ.ም. ተፈቅዶ ሳለ የተጠቀሰው ቀን በሉክሰምበርግ የነበረው የ1988 ዓ.ም. መጋቢት ነበር። የጥቂት ወራት ልዩነት ብቻ ቢመስልም በአንዳንድ አገሮች መብቱ መገኘቱ ወይም አለመገኘቱ በዚያች ልዩነት የሚወሰን ነበር።

ሁለተኛው አድራጎት ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ነው። በዚያን ጊዜ ደንብ መሠረት ርካሹን መድኃኒት የሚያመጣ ፋብሪካ የምርመራውን ድካም ሁሉ እንደገና ሳይጀምር በፊተኛው መድኃኒት መዝገብ ለመመርኰዝ የሚችለው የዚያ መድኃኒት የሽያጭ ፈቃድ ጸንቶ ሲገኝ ነበር። ኩባንያው በ1998 ዓ.ም. በዴንማርክ፥ በስዊድንና በኖርዌይ የሎሴክን ካፕሱል ከገበያ አንሥቶ በጡባዊ ኪኒን ተካው፤ የካፕሱሉም ፈቃድ እንዲሰረዝ አመለከተ። ጡባዊው ጥሩ መድኃኒት መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን አዲሱን ለማቅረብ የአሮጌውን ፈቃድ ማሰረዝ ለሕመምተኛው ምን ይጠቅመዋል? ራስ የተሻገሩበትን ድልድይ ከኋላ የሚመጣው እንዳይሻገር ማፍረስ ነው። ጠቅላላው ፍርድ ቤት በ2010 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ 52.5 ሚሊዮን ዩሮ ዝቅ ቢያደርገውም የነገሩን ፍሬ አጸና፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት የኩባንያውን ይግባኝ ውድቅ አደረገው።

እንግዲህ የልባስ ፓተንት ይሻር የሚሉትና ያለ ልክ ይከበር የሚሉት ሁለቱም ወገኖች ዒላማውን ስተዋል። ሊቈጣጠሩት የሚገባው ቀን መሸሸግንና መዝገብ ማሰረዝን የመሰለውን ከላቦራቶሪ ውጭ የሚሠራውን ሥራ ነው። ለዚህም የፓተንት መሥሪያ ቤት፥ የመድኃኒት ተቈጣጣሪና የንግድ ውድድር ሹም እርስ በርሳቸው መዝገብ የሚገላለጡ መሆን አለባቸው። በአውሮፓ ነገሩ ይፋ እስኪወጣ ብዙ ዓመት የፈጀው አንዱ ሹም ሌላው የያዘውን ወረቀት ባለማየቱም ጭምር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ሊመሰገን የሚገባው አንድ አሳብ ይዟል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፥ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቊጥር 123 ለፓተንት የ15 ዓመት ዘመን ሲወስን፥ ተጨማሪው 5 ዓመት የሚገኘው ፈጠራው በአገሩ ውስጥ በሚገባ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ነው ብሏል። የጊዜ መራዘም ከወረቀት ጥበብ ሳይሆን ከሥራ ጋር እንዲታሰር መደረጉ አስተዋይነት ነው።

ለአገር ውስጥ መድኃኒት ሠሪና ለአስመጪ ደግሞ የቀረበ ጒዳይ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት ኦሜፕራዞልን በ2009 ዓ.ም. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አግብቶታል፤ የሦስቱ ክፍል አሠራር ፓተንትም በአሜሪካ ካበቃ ብዙ ዓመት አልፏል። ብዙ ፋብሪካዎች የተለበሰውን ቅንጣት ከሌላ ገዝተው በካፕሱል ይሞላሉ። እንዲህ ያለውን ቅንጣት የሚገዛ ሰው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ልባሱ በምን መንገድ እንደ ተሠራ፥ በእርጥበትና በሙቀት ዘንድ እስከ ስንት ጊዜ እንደሚቈይ ሻጩን ሊጠይቅ ይገባዋል። መልሱን ለማመዛዘን የሚፈልግ ኬሚስት የቀድሞው ፓተንት ጽሑፍ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል፤ በእምብርቱ የሚገባው አልካሊ፥ የመካከለኛውና የውጭው ልባስ ዓይነትና መጠን፥ የተደረገውም ፈተና በምሳሌ በምሳሌ ተዘርዝሮበታል።