ስለ ሁለቱ ጀግኖች የሚነገረው ፈሊጥ

«የምዕራቡ ጀግና ለራሱ ይቆማል፤ የቻይናው ጀግና ለማኅበሩ ይሞታል» የሚለው አነጋገር በየክፍሉና በየሻይ ቤቱ እንደ ጸሎት ይደገማል። መምህራኖቻችንም ሳይቀሩ ተቀብለውታል። ማስረጃ ሲጠየቁ ሁለት ፊልም ይጠራሉ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው)፤ አንዱ «ሃይ ኑን» (1952)፣ ሁለተኛው የዣንግ ይሙ «ሂሮ» (2002)። በመጀመሪያው ሕግ አስከባሪው ዊል ኬን ረዳት ቢለምን ከተማው ሁሉ ፊት ይነሣዋል፤ ወንበዴዎቹን ድል ካደረገ በኋላ የሹመት ኮከቡን ትቢያ ላይ ጥሎ ይሄዳል። በሁለተኛው ስም የለሹ ሰይፈኛ የቺንን ንጉሥ ሊገድል ዐሥር እርምጃ ያህል ቀርቦ ሳለ፣ አገር አንድ ትሁን ብሎ ይተወዋል፤ በቀስትም ተወግቶ ይሞታል።

ነገሩ ያማረ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ከኬን ጠላቶች አንዱን ከኋላ ተኩሳ የጣለችው የዕለቱ ሙሽራ ናት፤ ያውም ሃይማኖቷ ደም ማፍሰስን የሚከለክል! ቻይናም ብትሆን፣ ለቃሉ ብቻ የሚኖረውን ተንከራታች ሰይፈኛ ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን ከክርስቶስ ልደት 100 ዓመት ያህል በፊት መዝግቦታል። በ1967 ሆንግ ኮንግ በተሠራው «ባለአንድ ክንዱ ሰይፈኛ» ፋንግ ጋንግ የመምህሩን ቤት ካዳነ በኋላ ምን ያደርጋል? እንደ ኬን ሴቲቱን ይዞ ይሄዳል፤ ሊያርስ። ታዲያ ማኅበርተኛው የትኛው ነው?

ፈሊጡ ስሕተት ብቻ ቢሆን ዝም ባልን ነበር፤ ግን የሚሸፍነው ነገር አለው። በ2017 በቻይና የገቢ ክብረ ወሰን የሰበረው «ዎልፍ ዎሪየር 2» የሚፈጸመው ስሟ ባልተጠራ የአፍሪካ አገር ነው። የቀድሞው ወታደር ሌንግ ፌንግ ቅጥረኞቹን ብቻውን ይገጥማል፤ በመጨረሻም የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ በክንዱ ሰቅሎ በተዋጊዎች መካከል ያልፋል። በ2003 ደግሞ በ«ቲርስ ኦቭ ዘ ሰን» ብሩስ ዊሊስ የአሜሪካን ወታደሮች እየመራ ናይጄሪያውያንን ያድናል። እርግጥ በዚህኛው አንዳንድ ስደተኞች ጠመንጃ ያነሣሉ፤ ወዴት እንሂድ፣ ማን ይዳን ብሎ የሚወስነው ግን መጤው ነው። ራስ ወዳዱና ማኅበርተኛው የት ተለያዩ? አፍሪካ ሲደርሱማ አንድ ፈረስ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛ የጦሩ ሜዳ ነን።

ስለዚህ የፊልም ክበባችን ኮሚቴ ሁለቱን በአንድ ምሽት ያሳየን። ተመልካቹም እርሳስና ወረቀት ይዞ ይግባ፤ ስም ያለው አፍሪካዊ ስንት እንደሆነ፣ ከእነዚያም ውስጥ ትእዛዝ የሚሰጠው ስንቱ እንደሆነ ይቍጠር። ክርክሩን ከዚያ እንጀምረው።