ስለ አዛዣችን፦ ከጠረፍ ጠባቂ ወታደሮች ለጃንሆይ የቀረበ አቤቱታ

የካቲት 2 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ
ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ
የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በክፍላችን ዋና አዛዥ ላይ እምነት ማጣታችንን ስለ ማመልከት

ግርማዊ ሆይ፣

እኛ ፊርማችን በዚህ ማመልከቻ መጨረሻ የሚገኘው ባለሌላ ማዕረጎችና ወታደሮች፣ በደቡብ ጠረፍ ጥበቃ ላይ ያለን ታማኝ አሽከሮችዎ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቀን እጅ እየነሣን የሚከተለውን አቤቱታ እናቀርባለን።

ከመካከላችን በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ የዘመተ አለ። ኮንጎ የከረመ አለ። በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ቆስሎ ፍንጣሪው ዛሬም ከትከሻው ያልወጣለት አለ። ይህን የምናነሣው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ይህን ወረቀት ሥራ የሰለቸውና ከዘብ መዳን የሚፈልግ ወታደር የጻፈው እንዳይመስል ብለን ነው።

በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። የጃንሆይ አውቶሞቢል ሲያልፍ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ከመንገድ ዳር የሚጮህ ባላገር እንኳ ይህ መብት አልተነፈገም። በሌላ በኩል በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በኅብረት ሆኖ ትእዛዝ የሚጥስ ወታደርን እንዴት እንደሚቀጣ በሰልፍ ላይ ተነብቦልናል። ሁለቱንም ሕግ አክብረን ቆመናል። ዘብ አልተጓደለም፣ መሣሪያ ያለ ፈቃድ ከግምጃ ቤት አልወጣም፣ ሳይፈጸም የቀረ ትእዛዝም የለም።

አዛዣችንን በስማቸው ያልጠራናቸው ግርማዊነትዎ የሾሟቸውን ሰው በወረቀት ላይ ማዋረድ ነውር ስለሆነ ነው። ክፍሉ ከታወቀ ማንነታቸው አይጠፋም።

የሠራዊቱ ደንብ አቤቱታ በየደረጃው እንዲሄድ ያዛል። እኛም በደረጃው ደጋግመን ልከናል። የሻምበል አዛዦቻችን ተቀብለው ወደ በላይ አሳልፈዋል። ዳሩ ግን ወረቀቱ ሄዶ የሚያርፈው ከዚያው አቤት ከተባለባቸው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዚያም «ታይቷል» ተብሎ ተጽፎበት ይመለሳል። ማን እንዳየው እናውቃለን፤ ምን እንዳደረገበት ግን አይነገረንም። ደረጃውን ዘለን ወደ ዙፋኑ የመጣነው በዚህ ምክንያት ነው።

አቤቱታችን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ስለ ጉብኝቱ ቀን።

ክረምቱ እንደወጣ ከጠቅላይ መምሪያ ጎብኚ መኮንኖች እንደሚመጡ ተነገረን። በዋዜማው ማታ ከግምጃ ቤት አዲስ ብርድ ልብስ ወጥቶ በየአልጋው ታደለ። ፈርማችሁ ተቀበሉ አልተባልንም። በሬ ታረደ። ከውሃው በርሜል ላይ ሌት ተቀን የማይለየው ቁልፍ ተፈታና ውሃ እንደ ልብ ሆነ። በማግስቱ ጎብኚው መኮንን ወጥ ቤት ገብተው ወጡን በጭልፋ ቀመሱና «መልካም ትበላላችሁ» አሉ። ከሰልፉ አንድ ወታደር «ዛሬ ነው፣ ጌታዬ» ሲል መለሰ። ጎብኚው ፈገግ ብለው አለፉ። መኪናቸው ኬላውን እንዳለፈ ብርድ ልብሱ በቆጠራ ተሰበሰበ፤ የፋብሪካው ወረቀት ገና ያልተላጠለት ብዙ ነበር። ያ ወታደር ሰባት ቀን ዘብ ቤት ገባ። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ጥፋት «በጎብኚ ፊት ሥነ ሥርዓት ማጓደል» የሚል ነው።

ግርማዊ ሆይ፣ ብርድ ልብስ ማጣቱን እንችለዋለን፤ ከዚህ የባሰ አሳልፈናል። የከበደን በገዛ አልጋችን ላይ የሐሰት ምስክር መደረጋችን ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ስንቅ መኪናው።

በግንቦቱ ዝናብ ለቃፊር ጦሩ ስንቅ የሚያደርስ የጭነት መኪና እንዲነሣ ታዘዘ። የሾፌሩ ማዕረግ አሥር አለቃ ነው። ፍሬኑ እንደማይዝ አስቀድሞ ለመኪና ክፍል በጽሑፍ አስታውቋል፤ መካኒኩም መለዋወጫ እስኪመጣ እንዳይንቀሳቀስ ብሎ ፈርሞበታል። አዛዣችን ወረቀቱ ቀርቦላቸው «ይሂድ» አሉ። ሄደ። ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠና ሾፌሩና አብሮት የተሳፈረው ወታደር ሞቱ።

በቀብሩ ዕለት አዛዣችን ንግግር አደረጉ፤ ሾፌሩንም ጀግና አሉት፤ አለቀስን። ወደ በላይ የተላከው ሪፖርት ግን አደጋው የደረሰው በሾፌሩ ቸልተኝነት ነው ይላል። የመካኒኩ ወረቀት ከፋይሉ ውስጥ የለም። የሾፌሩ መበለት አራስ ነበረች። ጡረታ ብትጠይቅ፣ ባልሽ የሞተው በገዛ ጥፋቱ ነው ተብላ ማመልከቻዋ ተመለሰባት። በመቃብር ላይ ጀግና የተባለው ሰው በወረቀት ላይ ጥፋተኛ ሆኗል። ሁለቱንም ያሉት አንድ ሰው ናቸው፤ የትኛውን ቃላቸውን እንመን?

ሦስተኛ፤ ስለ ክበቡ ገንዘብ።

ለወታደሮች ክበብ ማሠሪያ እየተባለ በየወሩ ከደመወዛችን አንድ አንድ ብር ይቆረጣል። መሠረቱ ተቆፍሮ ድንጋይ ተከምሯል፤ በድንጋዩ መካከል ሣር በቅሎበታል። ሒሳቡን የጠየቀ ሃምሳ አለቃ ወደ ሌላ ጠረፍ ተዛወረ። ገንዘቡ ተሰረቀ አንልም፤ ያላየነውን አንመሰክርም። ሒሳቡን እንዳናይ መከልከላችንን ግን አይተናል።

አራተኛ፤ ስለ ምሽጉ።

የቃፊር ጦሩ ቦታ ከኮረብታው ተነሥቶ በመንገዱ አጠገብ ሜዳው ላይ እንዲሆን ታዘዘ። ምክንያቱም ጎብኚ በመኪና እንዲደርስበት መሆኑ ተነገረን። ኦጋዴን የተዋጉት ሻለቃ ባሻችን ሜዳው ከሦስት ወገን እንደሚታይ፣ ዝናብ ሲጥልም ጎርፍ እንደሚገባበት በትሕትና አስረዱ። «ካርታውን አይተነዋል» የሚል መልስ ተሰጣቸው። በመጀመሪያው ዝናብ ምሽጉ ውሃ ሞላ። አሁንም እዚያው ነን፤ ውሃውን በቆርቆሮ እየቀዳን እንጠብቃለን።

ግርማዊ ሆይ፣

እውነቱን ለመናገር አዛዣችን ሰካራም አይደሉም። ወታደር በእጃቸው አይመቱም። በትምህርታቸውም ከብዙዎች ይልቃሉ። ይህን መጻፋችን ነገሩ የጥላቻ እንዳልሆነ ያሳይልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

የጦር አዛዥ ሁለት አደራ አለበት። አንዱ የበላዩን ትእዛዝ ወደ ታች ማድረስ ነው፤ ሁለተኛው የታቹን እውነት ወደ በላይ ማድረስ ነው። አዛዣችን የመጀመሪያውን በትጋት ይፈጽማሉ። ሁለተኛው ተቋርጧል። ወታደሩ ብርድ ልብስ አለው ተብሎ ከተጻፈ ብርድ ልብስ አይላክም። ምሽጉ ደህና ነው ከተባለ ሲሚንቶ አይመጣም። መኪናው ደህና ነበር ከተባለ የፍሬኑ መለዋወጫ አይገዛም፤ የሚቀጥለውም ሾፌር በዚያው ቁልቁለት ይወርዳል። በሰላሙ ጊዜ በሪፖርት የተሸፈነው ሁሉ በጦርነት ጊዜ የሚከፈለው በወታደር ነፍስ ነው።

ነገ ጠላት ቢመጣብንና አዛዣችን «ረዳት ጦር መንገድ ላይ ነው፤ ጸንታችሁ ቆዩ» ቢሉን፣ እንቆያለን። መሐላችን ነው። ነገር ግን እያንዳንዳችን በልባችን፣ ይህም እንደ ብርድ ልብሱ ይሆን? ማለታችን አይቀርም። እምነት አጣን ስንል ይህን ማለታችን ነው። ትእዛዝ መፈጸም በሕግ ይገኛል፤ የአዛዥን ቃል ማመን ግን አዛዡ ራሱ በሥራው የሚያተርፈው ነው።

ባለፈው ወር፣ ጥር 4 ቀን፣ በነገሌ ቦረና የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውሃ ተማረው መኮንኖቻቸውን ማሰራቸውን ሰምተናል። ነገሩን እንዲመረምሩ ከግርማዊነትዎ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው፣ እነሱ የሚበሉትን እንዳበሏቸው፣ እነሱ የሚጠጡትን እንዳጠጧቸው፣ ጄኔራሉም በዚሁ እንደታመሙ ሰምተናል። ወሬው በወታደር ሬዲዮ ከጠረፍ ጠረፍ ዞሯል።

እኛ ያን አንመኝም። የበላይን አዛዥ በጉልበት ማስቀመስ ሠራዊትን ያፈርሳል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ብለናል። የነገሌ ውሃ መበላሸቱ ለነገሌ ወታደር ወሬ አልነበረም፤ ወሬ የሆነው ለአዲስ አበባ ነው። በመካከል ያለው ወረቀት እውነቱን በጊዜው አድርሶ ቢሆን ኖሮ ጄኔራሉ ለመያዝ ባልበቁ ነበር። ከመካከላችንም ቤተሰባቸው ወሎ የሆነ አሉ። የወሎው ረሃብ ከገበሬው ደጅ ስንት ጊዜ ከቆየ በኋላ ቤተ መንግሥት እንደተሰማ እነሱ ያውቃሉ። በነገሌ በጉልበት የታወቀው፣ በኛ ዘንድ በወረቀት ይታወቅ ብለን ነው የምንለምነው።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ተብለን አድገናል። ክሳችን በንጉሥ ስም እየተፈረመ በሚሄደው ሐሰት ላይ ነው። «ወታደር ያዘዙትን ይሠራል እንጂ አዛዥ አያማርጥም» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። መሾምም መሻርም የግርማዊነትዎ ነው። እኛ የምንለምነው የሚሾመውና የሚሽረው ዙፋን ያለውን ነገር እንዳለ አውቆ እንዲፈርድ ነው። «የደመወዝ ጥያቄ ነው ያመጣቸው» የሚልም ይኖራል። ኑሮ መወደዱን እናውቃለን፤ ልጆቻችን ይነግሩናል። ቢሆንም በዚህ ማመልከቻ ስለ ደመወዝ ጭማሪ አንድም ቃል አልጻፍንም። እምነት ያጣንበትን ነገር ገንዘብ ስለማይመልሰው ነው።

ስለዚህ ግርማዊነትዎ፦

1. ከአዛዣችን ጋር ዝምድናም ባልደረብነትም የሌለው መርማሪ መኮንን፣ መምጫው አስቀድሞ ለሰፈሩ ሳይነገር፣ እንዲላክልን፤ ከኛው ድስት እየበላና ከኛው በርሜል እየጠጣ ቢያንስ አንድ ሳምንት አብሮን እንዲከርም፤

2. ባለፉት ሁለት ዓመታት ከግምጃ ቤት ወጣ የተባለው ልብስና ስንቅ፣ ተረከበ ከተባለው ወታደር ፊርማ ጋር እንዲመሳከር፤

3. የስንቅ መኪናው አደጋ እንደገና እንዲመረመር፤ መካኒኩ ያለ ፍርሃት ቃሉን እንዲሰጥ፤ የሁለቱ ሟቾች ቤተሰብ የሚገባቸውን ጡረታ እንዲያገኙ፤

4. ለክበብ የተቆረጠው ገንዘብ ሒሳብ በሰልፍ ላይ እንዲነበብ፤ እስኪነበብም ድረስ መቁረጡ እንዲቆም፤

5. ምርመራው እስኪያልቅ አዛዣችን ወደ ሌላ ሥራ እንዲዛወሩ። ሳይሰሙ ይቀጡ አንልም። እኛ ባለንበት ይጠየቁ፤ እኛም እሳቸው ባሉበት እንጠየቅ። ከተናገርነው ሐሰት የተገኘብን እንደሆነ የሕጉን ቅጣት እንቀበላለን፤

6. «ዛሬ ነው» ያለው ወታደር ጥፋት ከመዝገቡ እንዲሰረዝ፤ በዚህ ማመልከቻ ላይ በመፈረሙም ማንም እንዳይቀጣ፣ እንዳይዛወር፣

እንዲያዙልን በትሕትና እንለምናለን።

ፊርማችንን በክብ ያደረግነው ፊተኛና ኋለኛ፣ አነሣሽና ተከታይ እንዳይፈለግብን ነው። መጻፍ የማይችሉት በጣት አሻራቸው ፈርመዋል። ማመልከቻውን በሰፈራችን ፖስታ ያልላክነው ፖስታው የሚታሸገው በአዛዣችን ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ነው። በዚሁ ምክንያት ግልባጭ አላደረግንለትም።

ክርስቲያኑም እስላሙም እንደየሃይማኖታችን ስለ ግርማዊነትዎ ጤናና ዕድሜ እንጸልያለን። መልሱ እስኪደርሰን ድረስ የጠረፉ ዘብ አይጓደልም። መልስ ያጣን እንደሆነ ይህንኑ ማመልከቻ በዚሁ ቃል እንደገና እንልካለን።

ታማኝ አሽከሮችዎ፣
የጠረፍ ጠባቂው ክፍል ባለሌላ ማዕረጎችና ወታደሮች
(ፊርማና የጣት አሻራ)