መኪናው ጉልበት ጨመረ፤ ሰውስ?

ባለፈው የእንቁጣጣሽ በዓል በምኖርበት በስዊድን አገር፥ በጎተንበርግ ከተማ፥ ከአገራችን ልጆች ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጠን ሳለ በሁለት ወጣቶች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሣ። የክርክሩም ምክንያት አውቶሞቢል ነበር። አንደኛው የእኅቴ ልጅ ነው፤ በቅርቡ የተሠራች፥ ባለ አራት በርና ባለ ቱርቦ ፈጣን መኪና በብድር ገዝቷል። ሁለተኛው ወዳጁ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከራሱ ዕድሜ የምትበልጥ አሮጌ የቱርቦ መኪና ገዝቶ እሑድ እሑድ ሲጠግናት ይውላል። አንዱ «አሮጌ ብረት!» ሲል፥ ሌላው «ጎማ የተገጠመላት ኮምፒውተር!» እያለ ሲነቃቀፉ ቆዩና በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው፥ «ጋሼ፥ እርስዎ አሮጌዪቱን ለብዙ ዓመት ነድተዋል፤ አዲሲቱንም ሞክረዋታል፤ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ።

በዚያ ቀን ፍርዴን በአጭሩ ሰጠሁ፤ ሁለቱም አልወደዱትም። ዛሬ ግን ነገሩን አስፍቼ ለእናንተ ለወጣቶች ልጽፈው ወደድሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ቱርቦ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል፤ የማያውቁትን ነገር ማመስገንም ሆነ ማንቋሸሽ ከንቱ ነውና። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ብዙ አየር ካገኘ ብዙ ነዳጅ አቃጥሎ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፤ አየሩ ሲሳሳ ግን ይደክማል። ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ላይ ተራ ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል የሚያጣው ስለዚህ ነው። አልፍሬድ ቢዩሺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ለዚህ ድካም መድኃኒት ሆነ። ይኸውም ከሞተሩ በከንቱ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር እንዲያዞር፥ እርሷም በአንድ ዘንግ የተያያዘችውን ሌላ መዘውር አዙራ አየር አምቃ ወደ ሞተሩ እንድትልክ ማድረግ ነው። የሚጣለውን ነገር ለሥራ ማዋል እንዴት ያለ መልካም ጥበብ ነው!

ይህ ጥበብ ወደ ቤት መኪና የገባው ግን ቆይቶ ነው። በ1962 አሜሪካኖች በኦልድስሞቢልና በሸቭሮሌ ሞከሩት። በ1973 የጀርመኑ ቢኤምደብልዩ 170 የፈረስ ጉልበት ያለውን 2002 ቱርቦ በፍራንክፈርት ትርዒት ላይ አቀረበ። በመኪናው ግንባር ላይም «ቱርቦ» የሚለው ቃል ተገልብጦ ተጽፎ ነበር፤ ከፊት የሚሄደው ነጂ በመስተዋቱ ሲያይ ቃሉን በትክክል አንብቦ መንገድ እንዲለቅ ነው። ይህን ትዕቢት ጀርመኖች ራሳቸው ነቀፉት። በዚያው ዓመት መጨረሻም የነዳጅ ችግር ደረሰና 1672 መኪናዎች ብቻ ተሠርተው ቀረ። ከዚያ በኋላ በ1977 የስዊድኑ ሳብ 145 የፈረስ ጉልበት ያለውን 99 ቱርቦ አሳየ። በፔር ጊልብራንድ የተመሩት መሐንዲሶች ትንሽ መዘውር መርጠው፥ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን ጭስ የሚያሳልፍ በር አበጁለት። ይህችን በር አትርሷት፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

እኔም በ1991 ከመምህርነት ደመወዜ ቆጥቤ አንዲት ያገለገለች የቱርቦ መኪና ገዛሁ። የሠራትን ፋብሪካ ስም አልጠራም፤ የምናገረው ጥፋት የእኔ ነውና። የዚያን ዘመን ቱርቦ ጠባዩ ይህ ነበር፤ ነዳጅ መስጫውን ስትረግጥ በመጀመሪያ ምንም የለም፤ መዘውሪቱ እስክትፈጥን ትጠብቃለህ፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ እንደ ደራሽ ውሃ በድንገት ይመጣል። አንድ ቀን በጥቅምት ወር፥ መሽቶ ዝናብ ሲዘንብ፥ ባለቤቴን ከጎኔ፥ የአራት ዓመት ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ስነዳ አንድ የጭነት መኪና ለመቅደም ረገጥሁ። ጉልበቱ ዘግይቶ ጠመዝማዛው ላይ ደረሰብኝ፤ ጎማዎቹ መሬቱን ለቀቁና መኪናዪቱ ተንሸራትታ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ማንም አልተጎዳም። ሁላችንም ጸጥ ባልንበት ሰዓት ግን ልጄ ከኋላ፥ «አባዬ፥ ለምን ቸኮልን?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ወደ ቤታችን እንመለስ ነበር እንጂ የሚያስቸኩል ነገር አልነበረንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ለመልቀም እንኳ የማይቻለውን ላፈስስ ነበር።

በሌላ ጊዜ ደግሞ ቱርቦው ራሱ ተቃጠለ። በኃይል ነድቼ እንደ ደረስሁ ሞተሩን ወዲያው አጠፋ ነበር፤ ዘይቱም መዘዋወሩን አቁሞ በጋለው ዘንግ ላይ ያርር ነበር። የጠገነልኝ ሽማግሌ መካኒክ፥ «ከማጥፋትህ በፊት አንድ ደቂቃ ጠብቅ፤ ይቀዝቅዝ» አለኝ። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህራችን መሣሪያውን ሳይጠርግና በቦታው ሳይመልስ የሄደውን ልጅ ከበር ይመልሱት ነበር። ያንን ትምህርት በሠላሳ ዓመቴ ዕዳ ከፍዬ ደግሜ ተማርሁት።

«እንግዲያውስ አሮጌዪቱ ትሻላለች ማለት ነውን?» ብትሉኝ፥ አይደለም እላለሁ። አዲሲቱ መኪና በአሠራር አሮጌዪቱን ትበልጣለች። እኔን ወደ ቦይ የጣለኝ መዘግየት ዛሬ ጠፍቷል ለማለት ይቻላል። ፍሬኑ ይበልጥ ይይዛል፤ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮም በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ መንሸራተትን የሚቈጣጠር መሣሪያ እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። ያ መሣሪያ በዚያ ምሽት ቢኖረኝ ኖሮ ምናልባት ከመንገዱ ባልወጣሁ ነበር። ስለዚህ ለአሮጌ መኪና የሚሰግደው ወጣት ይስማ፤ አደጋን «ጠባይ» ብሎ፥ ጉድለትን «ነፍስ አላት» ብሎ ማመስገን ዕውቀት አይደለም። ያ ዛሬ እንደ ቅርስ የሚመለከተው 99 ቱርቦ በ1977 እንግዳ ነገር ነበር፤ የሠራው የሳብ የመኪና ኩባንያም በ2011 ከሰረ። የትናንቱ አዲስ የዛሬ አሮጌ ነው፤ ለሁለቱም መስገድ አንድ ዓይነት ስንፍና ነው።

ለአዲስ መኪና የሚሰግደው ደግሞ ይህን ይስማ። ቢኤምደብልዩ በ2024 ያወጣው ኤም5 ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋር 727 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱም ከ2400 ኪሎ ይበልጣል። የ1973ቱ ቱርቦ ግን 1100 ኪሎ አይሞላም ነበር። ጉልበቱ ከአራት እጥፍ በላይ ሲያድግ የነጂው ዓይን አራት እጥፍ አየን? እጁስ አራት እጥፍ ፈጠነን? ትዕግሥቱስ? አሮጌዪቱ በጩኸቷና በመንቀጥቀጧ «ተጠንቀቅ» ትል ነበር፤ አዲሲቱ ግን ዝም ብላ ትወስድሃለች። ዝምታው በዝቶ በ2011 በወጣው ኤም5 ውስጥ የሞተሩ ድምፅ በሬዲዮው ድምፅ ማጉያ በኩል ለነጂው እንዲሰማ ተደረገ። ኃይልን ሸሽጎ ጩኸቱን ብቻ እንደ ዘፈን ማሰማት ምን ይባላል?

ለብዙ ዓመት ያስተማርሁት ፊዚክስ ግን አይታለልም። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን መኪናው የተሸከመው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ታልፋለህ፤ ስልክህን ለሦስት ሰከንድ ብታይ መቶ ሜትር ያህል በጭፍን ሄድህ ማለት ነው። ይህ ሕግ መኪናህ አዲስ ነው ብሎ አይምርህም።

የሚያሳዝነኝ ሌላም ነገር አለ። የእኅቴ ልጅ በየወሩ ለመኪናው የሚከፍለው ዕዳ ከቤት ኪራዩ ይበልጣል፤ በደሴ ላሉት እናቱ ይልከው የነበረው ገንዘብ ግን ከመጋቢት ወዲህ ቀርቷል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ዕዳው እስኪያልቅ መኪናዪቱም የአበዳሪው ናት፤ የሰው ወርቅ ደግሞ አያደምቅም። እናንተ «የሽማግሌ ቅናት ነው» ትሉኝ ይሆናል። ይሁን፤ በእርሷ ላይ ስቀመጥ ልቤ እንደ ፈነደቀ አልክድም። እናትን ያስረሳ ደስታ ግን ዋጋው ከደረሰኙ ላይ አይገኝም።

እንግዲህ ሦስት ነገር እመክራለሁ። አንደኛ፥ ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁን የሚጠብቁትን ሰዎች ድርሻ አውጡ፤ ከተረፈው ግዙ። ሁለተኛ፥ አዲስም ሆነ አሮጌ፥ ዘይቱን፥ ጎማውንና ፍሬኑን ራሳችሁ መመርመር ተማሩ፤ ባለቤትነት በመንከባከብ ነው። ሦስተኛ፥ ያችን ትርፍ ጭስ የምታሳልፍ በር በልባችሁ አብጁ። ሞተር እንኳ ያላንዳች መልቀቂያ ግፊት ቢደራረብበት ይሰበራል፤ ቁጣው፥ ፉክክሩና ኩራቱ የታመቀበት ወጣት ግን ሌላውን ሰው ይዞ ይሰበራል።

በዚያ ቀን የሰጠሁት ፍርድ ይህ ነበር፤ «ከመኪናዎቹ አዲሲቱ ትበልጣለች፤ ከእናንተ ግን የሚበልጠውን ገና አላየሁም።» ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ውጊያው የጋላቢው ነው። ልጄ ዛሬ አድጋ የራሷን መኪና ትነዳለች፤ ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር አለ። እናንተም ነዳጅ መስጫውን በኃይል ስትረግጡ «ለምን ቸኮልን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ እግራችሁን አንሡ።